በሰሌዳ ላይ የጻፍሁት ስሕተት

ሰው ጨርሶ ከማያውቀው ነገር ይልቅ አጣርቶ ሳያውቅ ዐውቃለሁ በሚለው ነገር ብዙ ጊዜ ይጐዳል። የማያውቅ ሰው ጠይቆ ይረዳል፤ በግማሽ የሚያውቅ ሰው ግን መጠየቁን ትቶ ሌላውን ያስተምራል። ስለዚህ የአላዋቂ ስሕተት በራሱ ላይ ሲቀር፣ የግማሽ ዐዋቂ ስሕተት ወደ ሌላው ሰው ቤት ይገባል። የአስተማሪ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ አስተማሪ የተናገረውን እርሱ ቢረሳው እንኳ ተማሪው አይረሳውምና።

ይህንን የምናገረው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በማስተማር ሥራ ኖሬ አሁን በጡረታ ተቀምጫለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን የሠራሁት ስሕተት ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን ሌሊት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሱኝ ሁለት ናቸው። ሁለቱንም የሠራሁት በአንድ ጉዳይና በአንድ ቤተ ሰብ ላይ ነው። ሥራቸውም አንድ ነው፤ ይኸውም የተለያዩትን ሁለት ነገሮች አንድ ናቸው ማለት ነው። ባለ ታሪኮቹ ስማችንን አትጥራ እንጂ ጻፈው ብለውኛልና፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ።

ልጅ ሳለሁ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አንዲት ከባሕር ማዶ የመጡ መምህርት ነበሩ። በፈተና ላይ «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብለው አይጠይቁንም ነበር፤ «በዚህና በዚያ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?» ይሉን ነበር እንጂ። በመብረቅና በነጐድጓድ፣ በትኩሳትና በወባ፣ በድኽነትና በስንፍና መካከል ያለውን ልዩነት እንድንጽፍ ያዙን ነበር። «ለሁለት ነገር አንድ ስም ከሰጣችሁ ከሁለቱ አንዱን ታጡታላችሁ» ማለት ያዘወትሩ ነበር። እኔም ይህን ቃል በደብተሬ ጻፍሁት፤ ዳሩ ግን በሚያስፈልገኝ ቀን አላስታወስሁትም።

በ1987 ዓ.ም. በአንዲት የመኪና መንገድ ዳር ከተማ የሳይንስ አስተማሪ ነበርሁ። በዚያን ጊዜ ያ በሽታ መንገዱን ተከትሎ ከከተማ ወደ ከተማ ይሄድ ነበር። ቀብር ሳንውል የምናልፈው ሳምንት አልነበረም። ቤተ ሰቡም «ምች መታው»፣ «ሳንባ ነው» ይል ነበር እንጂ የበሽታውን ስም የሚጠራ አልነበረም። የትምህርት ቤታችን አለቃ ጠርተው «ለልጆቹ አስተምርልን» አሉኝ። በእጄ የነበረው አንዲት የታተመች ወረቀት ብቻ ነበረች። እርሷን አንብቤ ወደ ዐሥረኛ ክፍል ገባሁና በሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «ኤች አይ ቪ = ኤድስ = ሞት» ብዬ ጻፍሁ። ስድሳ ሁለት ልጆች በደብተራቸው ገለበጡት። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ተነሥቶ «ጋሼ፣ እንግዲያስ ቫይረሱ ያለበት ሰው ዛሬውኑ ሞቷል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ፍርሃት የጥበቃ መጀመሪያ ናት ብዬ በማሰብ «አዎን፤ የቀረው ቀብሩ ብቻ ነው» አልሁት። ልጁም ተቀመጠ።

ያ መልስ ስሕተት ነበር። በዚያን ጊዜ በአገራችን መድኃኒቱ ስላልነበረ ይቅርታ ይገባኛል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መድኃኒት ባይኖርም እንኳ ስሕተት ነበር፤ ሁለቱ ነገሮች በዚያን ጊዜም ሁለት ነበሩና።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1981 በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ አምስት ወጣቶች፣ ጤነኛ ሰው በማይይዘው ብርቱ የሳንባ በሽታ ታመው መገኘታቸው ታትሞ ወጣ። የሰውነታቸው መከላከያ ጠፍቶ ነበር፤ ምን እንዳጠፋው ግን የሚያውቅ አልነበረም። በ1982 ለበሽታው ኤድስ የሚል ስም ወጣለት። ምክንያቱ የሆነው ቫይረስ የተገኘው በ1983 በፓሪስ ከተማ በፓስተር ተቋም ነው፤ ስለዚህም ሥራ ፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኝዬ በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ኤች አይ ቪ የሚለው ስም የተሰጠው ደግሞ በ1986 ነው። እንግዲህ ልብ በል፤ በሽታው ስም ያገኘው ምክንያቱ ሳይታወቅ ነው። ሕዝቡም በመጀመሪያ የሰማውን ስም ለሁለቱም ሰጠ። በአገራችንም ቢሆን ቫይረሱ በሰው ደም ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1984 ሲሆን፣ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። ምክንያቱ ቀድሞ ይመጣል፤ በሽታው ቈይቶ ይከተላል።

ኤች አይ ቪ ቫይረስ ነው። ከተያዘ ሰው ደም፣ በሩካቤ ሥጋ ጊዜ ከሚወጣ ፈሳሽ፣ እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ወተት ይተላለፋል። ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ሲዲ ፎር የሚባሉትን የደም ሕዋሳት ይይዛል። እነዚህ ሕዋሳት በሽታ ሲመጣ የሰውነትን ጦር የሚያዝዙ አለቆች ናቸው። ጤነኛ ሰው በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ ከ500 እስከ 1500 ያህል አሉት። ቫይረሱ ቀስ በቀስ ይጨርሳቸዋል፤ ሰውዬው ግን ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ይስቃል፤ ምንም አያውቅም። ቁጥሩ ከ200 በታች ሲወርድ፣ ወይም የተዳከመ ሰውነት ሲያገኙ የሚበረቱት ከባድ በሽታዎች ሲመጡ፣ ያን ጊዜ ኤድስ ይባላል። መድኃኒት ያልወሰደ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከስምንት እስከ ዐሥር ዓመት ይቈያል፤ ለአንዳንዱ ያጥራል፤ ለአንዳንዱም ይረዝማል። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት በአንድ የእኩል ምልክት ሰረዝሁት።

ዐሥራ ሦስት ዓመት አለፈ። በ2000 ዓ.ም. አንድ ቀን ማታ ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት ወደ ቤቴ መጣች። «ጋሼ፣ እኔን አያውቁኝም፤ ባለቤቴን ግን አስተምረውታል» አለችኝ። የዚያን የጠያቂውን ልጅ ስም ስትነግረኝ ወዲያው አስታወስሁት። አድጎ የጭነት መኪና ነጂ ሆኖ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ተመርምሮ ቫይረሱ በደሙ ተገኘ። በዚያን ጊዜ የዕድሜ ማራዘሚያ እየተባለ የሚጠራው መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት ከጀመረ አንድ ዓመት አልፎት ነበር፤ የተጀመረው በ1997 ነውና። እርሱ ግን የተሰጠውን የቀጠሮ ወረቀት ቀዶ ጣለው። «ሐኪሙ ለመነው፤ እናቱ አለቀሱ፤ እኔም እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ አልሰማንም» አለች። «የሚለው አንድ ቃል ነው፤ ጋሼ ነግረውናል፤ የቀረኝ ቀብሬ ብቻ ነው ይላል። ጋሼ፣ የሚሰማው እርስዎን ብቻ ነውና እርስዎው መጥተው ይንገሩልኝ።»

በዚያች ሌሊት ተከትያት ሄድሁ። ያ ልጅ በመደብ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። ድምፄን ሲሰማ፣ ዐጥንትና ቆዳ ሆኖ ሳለ፣ አስተማሪው ነኝና ለመነሣት ሞከረ። እጁን ይዤ አስተኛሁትና «ልጄ፣ ያን ጊዜ የነገርሁህ ስሕተት ነበር፤ ቫይረሱና ኤድስ አንድ አይደሉም፤ አንተም አልሞትህም» አልሁት። እርሱም ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየኝ። በመጨረሻም «ጋሼ፣ በፈተና ላይ እኮ ጽፌው ሙሉ ነጥብ ሰጥተውኛል» አለኝ። በሕይወቴ ሙሉ ከዚህ የከበደ ወቀሳ አልሰማሁም፤ እርሱ ግን ሊወቅሰኝ ብሎ የተናገረው አልነበረም።

በማግሥቱ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። የሲዲ ፎር ቁጥሩ 62 ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳም ይዞታል። ሚስቱም በዚያው ቀን ተመረመረች። ቫይረሱ በደሟ ተገኘ፤ የእርሷ ቁጥር ግን 480 ነበር። ሁለቱ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጐን ለጐን ተቀምጠው ነበር፤ አንደኛው ሰው ደግፎት ካልሆነ መቀመጥ የማይችል፣ ሁለተኛዋ ልጇን አዝላ ውኃ የምትቀዳለት። በሁለቱም ደም ያለው ቫይረስ ኤች አይ ቪ ነው፤ ኤድስ ያለበት ግን አንዱ ብቻ ነበር። በሰሌዳ ላይ ማስተማር የሚገባኝን ልዩነት በዚያ ወንበር ላይ አየሁት።

በጤና ጣቢያው የነበረችው ሲስተር የገበሬ ልጅ ነበረች። መደንገጤን አይታ እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። «ጋሼ፣ ነቀዝ ጐተራ ገባ ማለት ቤተ ሰቡ ተራበ ማለት ነው?» «አይደለም» አልኋት። «ኤች አይ ቪ ነቀዙ ነው። እህሉ የሰውነት መከላከያ ነው። ኤድስ ረኃቡ ነው። ነቀዙ በገባበት ቀን ጐተራው ሙሉ ነው፤ ቤተ ሰቡም ጠግቦ ያድራል። ባለቤቱ ጐተራውን ካልመረመረ ነቀዙ እየተራባ እህሉን ይፈጀዋል፤ አንድ ቀን ክዳኑን ሲያነሣ ዱቄት ብቻ ያገኛል። ነቀዙን ፈጽሞ የሚያወጣ መድኃኒት የለንም፤ እንዳይራባ የሚከለክል ግን አለን። እንዳይራባ ከተከለከለ እህሉ ይተርፋል፤ የጐደለውም ቀስ በቀስ ይሞላል። እርሷ ነቀዝ አለባት እንጂ አልተራበችም። እርሱ ግን ተርቧል፤ ቢሆንም የተራበ ሰው አልሞተም፤ እናበላዋለን።»

እንዳለችውም ሆነ። የነቀርሳውን መድኃኒት አስቀድሞ፣ ከዚያም የቫይረሱን መድኃኒት ጀመረ። በዓመቱ ሥጋ ለብሶ ወደ መሪው ተመለሰ። ለሚስቱ ግን በዚያን ጊዜ በነበረው የሕክምና ሥርዓት መሠረት ቁጥርሽ አልወረደም፣ መድኃኒት ሳትጀምሪ በየስድስት ወሩ እየመጣሽ ተመርመሪ ተባለች። ሲስተርም ለሁለቱም ኮንዶም ሰጥታ «በመካከላችሁም ቢሆን ይህን አትተዉ» ብላ መከረቻቸው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተቴ ደርሻለሁ። በ2001 ዓ.ም. ከመንገድ በተመለሰበት ቀን ቡና ጠጡልን ብለው ጠሩኝ። ቡናው እየተቀዳ ሳለ ያ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ሲስተርን ለመጠየቅ አፈርሁ። እኛ ሁለታችንም ያው ነን፤ ታዲያ በመካከላችን ጥንቃቄ ለምን ያስፈልገናል?» አለኝ። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በዚያን ጊዜ ማለት የሚገባኝ አንድ ቃል ነበር፤ «አላውቅም፤ ሄደን እንጠይቅ» ማለት። እኔ ግን በባልና በሚስት ፊት ስለ መኝታ ነገር መነጋገር አሳፈረኝ፤ ከዚህም በላይ ከሲስተር በሰማሁት በአንድ ቀን ትምህርት ዐዋቂ የሆንሁ መሰለኝ። ስለዚህ ሳቅ ብዬ «እናንተማ አንድ ሥጋ ብቻ ሳይሆን አንድ ደምም ሆናችኋል፤ ከማን ትጠነቀቃላችሁ?» አልሁት። እርሱም ሳቀ። ሚስቱ ግን አልሳቀችም፤ አንገቷን ደፍታ ሲኒውን ሞላች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮንዶሙ በሣጥን ውስጥ ቀረ።

ያ ልጅ በጅቡቲ መንገድ ይመላለስ ነበር። ረዳቱ እንዳያይበት መድኃኒቱን ከቤት ትቶት የሚሄድበት ጊዜ ነበረ፤ አራት ቀን፣ አምስት ቀን ሳይወስድ ይመለሳል። ሲመለስ ይወስዳል፤ ሲሄድ ይተወዋል። ጤንነት ስለተሰማው ነገሩ ከባድ አልመሰለውም። አሁን ግን በቫይረሱ ዘንድ የሚሆነውን ተመልከት። መድኃኒት ባልወሰደ ሰው ሰውነት ውስጥ ቫይረሱ በየቀኑ በብዙ ሺህ ሚሊዮን ይራባል። ራሱንም የሚገለብጠው እንደ ሰነፍ ጸሐፊ ነው፤ በየግልባጩ ስሕተት ይገባበታል። ከስሕተቶቹ አንዳንዱ መድኃኒቱ እንዳይጐዳው ያደርገዋል። በዚያን ጊዜ ይሰጥ የነበረውን ኔቪራፒን የተባለውን መድኃኒት ለማምለጥ አንዲት ትንሽ ለውጥ ትበቃዋለች። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ከተወሰደ ቫይረሱ አይራባምና ለመሳሳትም ጊዜ አያገኝም። አንድ ቀን እየተወሰደ አንድ ቀን ከተተወ ግን ደካማው ቫይረስ እየሞተ መድኃኒቱን የለመደው ይተርፋል፤ የተረፈውም ይራባል። በ2003 ዓ.ም. ያ ልጅ እንደገና ታመመ። ሐኪሞቹም መድኃኒትህ ተለምዷል ብለው ወደ ሁለተኛው ደረጃ መድኃኒት አዛወሩት።

በ2004 ዓ.ም. የሚስቱ ቁጥር ወርዶ እርሷም መድኃኒት ጀመረች፤ የተሰጣትም ባሏ በመጀመሪያ ሲወስደው የነበረው ነው። እንደ እርሷ ያለ ታማኝ መድኃኒት ወሳጅ አላየሁም። ማታ በሁለት ሰዓት የሬዲዮው ዜና ሲጀምር ትውጣለች፤ አንድም ቀን አላሳለፈችም። ነገር ግን ቁጥሯ እንደ መውጣት ፈንታ ወረደ። ሰውነቷ ከሳ፤ ሳይቶሜጋሎ የሚባለው፣ በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ ሳይጐዳ ተኝቶ የሚኖረው ቫይረስ ነቅቶ የግራ ዐይኗን ብርሃን አጠፋባት። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ወሰድናት። ደሟ ሲመረመር የቫይረሱ ብዛት መድኃኒት ወስዶ የማያውቅ ሰው ያህል ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ በመጀመሪያ «አቋርጠሻል» ብሎ ተቈጣት። እርሷም ብልቃጧን አውጥታ በፊቱ አስቈጠረችው፤ አንዲት ፍሬ እንኳ አልተረፈም፣ አልጐደለምም።

ያን ጊዜ ሐኪሙ ቍጣውን ትቶ መጠየቅ ጀመረ። «ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ መድኃኒት ወስደሽ ታውቂያለሽ?» «አላውቅም።» «ባለቤትሽ ምን ይወስድ ነበር?» ነገረችው። «እርስ በርሳችሁ ትጠነቀቁ ነበር?» በዚህ ጊዜ መልስ ሳትሰጥ እኔን ተመለከተችኝ። ሐኪሙም ነገሩን ገለጸልን። በመጀመሪያ የተያዘችበት ቫይረስ መድኃኒት የማያውቅ ቫይረስ ነበር፤ እርሷ ስትያዝ ባሏ መድኃኒት አልጀመረም ነበርና። ዛሬ ግን በደሟ ያለው ቫይረስ እርሷ ያልዋጠችውን መድኃኒት ለምዶ ቈይቷታል። ይህን ልማድ ያገኘው በሌላ ሰው ሰውነት ውስጥ መሆን አለበት። ስለዚህ በሐኪሙ ብርቱ ግምት ከባሏ ለሁለተኛ ጊዜ ተይዛለች። የሲስተርን ምሳሌ ለመከተል፣ ሁለቱም ጐተራዎች ነቀዝ ነበረባቸው፤ ነገር ግን የአንደኛው ነቀዝ መድኃኒት የለመደ ነበር፤ እኔም በመካከላቸው የነበረውን በር ክፈቱት አልሁ።

እንግዲህ ሁለት ሰዎች ቫይረሱ አለባቸው ማለት አንድ ዓይነት ቫይረስ አለባቸው ማለት አይደለም። ኤች አይ ቪ አንድ እና ኤች አይ ቪ ሁለት የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ወገኖች አሉ፤ ሁለተኛው በብዛት የሚገኘው በምዕራብ አፍሪካ ነው። የመጀመሪያውም በብዙ ዓይነት የተከፈለ ነው፤ በአገራችን የሚበዛው ሲ የሚባለው ነው። የአንድ ዓይነት ወገን በሆነው መካከል እንኳ ከሰው ወደ ሰው ልዩነት አለ። በአንድ ቫይረስ የተያዘ ሰው በሌላው ደግሞ ሊያዝ መቻሉ በሚገባ የተረጋገጠው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ነው። ሁለቱ ቫይረሶች በአንድ ሕዋስ ውስጥ ከተገናኙም ተዳቅለው ሦስተኛ ሊወልዱ ይችላሉ። የመጀመሪያው በሽታ እንደ ክትባት ሆኖ ከሁለተኛው አይጠብቅም።

ዳሩ ግን ይህን ስናገር ያን የጥንቱን የፍርሃት ትምህርት እንዳልደግመው መጠንቀቅ አለብኝ። ዳግመኛ መያዝ አለ፤ ነገር ግን የሚያሠጋው በይበልጥ መድኃኒት ያልጀመሩትን ወይም የሚያቋርጡትን ነው። መድኃኒቱን በሥርዓት ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው በሩካቤ ሥጋ ወደ ሌላው አያስተላልፍም። በ2016 እና በ2019 ታትሞ በወጣ ታላቅ ጥናት፣ ቫይረሱ በመድኃኒት ከተገታ ጓደኛቸው ጋር ያለ ኮንዶም ከኖሩት መካከል ከዚያ ጓደኛው የተያዘ አንድም ሰው አልተገኘም። ደግሞም በ2015 የዓለም የጤና ድርጅት፣ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ የሲዲ ፎር ቁጥሩ ሳይጠበቅ መድኃኒት ይጀምር ብሎ መክሯል። ስለዚህ ያች ሴት የጠበቀችውን ዓይነት ጥበቃ ዛሬ የሚጠብቅ ሰው መኖር አይገባውም። ዛሬ በብዙ አገር በመጀመሪያ የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር የሚባለው መድኃኒትም እንደ ድሮዎቹ በቀላሉ የሚለመድ አይደለም። ባልና ሚስት ሁለቱም ቫይረሱ ካለባቸው ሁለቱም መድኃኒቱን ይውሰዱ፤ የቫይረሱን መጠን ያስመርምሩ፤ መገታቱ እስኪረጋገጥ ድረስ በመካከላቸው ይጠንቀቁ። እኔ ስለ መኝታ ነገር መናገር አፍሬ ከሳትሁት በቀር ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ከሆስፒታል በተመለስን በሳምንቱ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ይቅርታ ለመንሁ። ባሏ አለቀሰ፤ «መድኃኒቱን ያቋረጥሁት እኔ ነኝ እንጂ እርስዎ አይደሉም» አለ። እርሷ ግን አላለቀሰችም። «ጋሼ፣ ሲስተር የነገረችንን ትተን እርስዎን የሰማነው ስለምናከብርዎት ነው» አለችኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፤ አልቀየምሁም አላለችም። ጥቂት ዝም ብላ ቈየችና «በዚያ ክፍል ስንት ልጆች ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ስድሳ ሁለት» አልኋት። «ታዲያ ለቀሩትስ ማን ይነግራቸዋል?» አለች።

በዚህ ጥያቄ ምክንያት የድሮውን የስም መጥሪያ አስፈልጌ ስማቸውን በወረቀት ገለበጥሁ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በገበያ፣ በለቅሶ ቤትና በአውቶቡስ መናኸሪያ ሁሉ እጠይቃለሁ። እስከ ዛሬ ያገኘኋቸው ዐሥራ ሰባት ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ስሕተቴን ነግሬአቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ስቀው «ጋሼ፣ ይህን እኮ ዛሬ ሕፃን ያውቀዋል» አሉኝ፤ አንዱ ግን እጄን ጨብጦ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። ሌሎች አራት ደግሞ ሳልደርስላቸው ሞተዋል። በምን እንደ ሞቱ ለመጠየቅ አልደፈርሁም።

እነዚያ ባልና ሚስት ዛሬ አሉ። እርሷ በሁለተኛው ደረጃ መድኃኒት ቫይረሷ ተገትቶላት በአንድ ዐይኗ ልብስ ትሰፋለች። በ2008 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗም ተመርምራ ነጻ ሆና ተገኘች። እርሱ ረጅሙን መንገድ ትቶ በከተማ ውስጥ ይነዳል፤ መድኃኒቱንም በኪሱ ይይዛል እንጂ አይደብቀውም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ከእኔ ታሪክ ሦስት ነገር ያዝ። ሁለት ነገር በአንድ ስም ሲጠራ ብትሰማ ልዩነቱ ምንድን ነው ብለህ ጠይቅ። ሰውን ለማስፈራራት ብለህ እውነትን አታሳጥር፤ የፈራ ሰው ከክፉ ነገር ብቻ ሳይሆን ከሐኪምም ይሸሻልና። የማታውቀውን ብትጠየቅ ደግሞ አላውቅም ለማለት አትፈር፤ የኔ ሐፍረት የሰው ዐይን አጥፍቷል።

ዛሬ ያ ሰሌዳ ቢሰጠኝ በአንደኛው ጫፍ ኤች አይ ቪ፣ በሌላኛው ጫፍ ኤድስ ብዬ ጽፌ በመካከላቸው ሰፊ ቦታ እተዋለሁ። በዚያም ቦታ ላይ ምርመራ፣ መድኃኒት፣ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ፣ ሽምግልና ብዬ እጽፍበታለሁ። ከስድሳ ሁለቱ አንዱ የሆንህ አንተም፣ እኔ ሳላገኝህ ይህ መጽሐፍ ካገኘህ፣ የድሮ ደብተርህን ግለጥና ሁለቱን የእኩል ምልክቶች ሰርዝ። ነጥብህን አልቀንስብህም።